ትኬት ቆራጩ

ከዚራ፣ ኒሙ ስር፣ ፀሐይዋ ስትበርድ፣
ጋሽ ቡሽራ ይቀመጣል፣ በአዲስ መጽሐፍ ሊፈርድ።
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ፉርጎ ለፉርጎ ሲሄድ፣
ትኬት ሲበሳ የኖረ ነው፣ በአሮጌው ሐዲድ።
ጡረታ ሲወጣ ሁሉን አስረከበ፣
ኮፍያ፣ ፊሽካ፣ ደብተር፣ ከዝርዝር እያነበበ፤
መብሻውን ግን ዘለለ።
«መንግሥት ይቅር ይበለኝ» ይላል፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
«እጅ የለመደውን ማን ይመልሳል፣ እንዴት አድርጎ?»

ዛሬ የሚበሳው ገጽ ነው።
ደራሲው በእግሩ የሄደበትን ገጽ ሲያገኝ
ኅዳጉ ላይ አንዲት ክብ ቀዳዳ ያስቀምጣል፤
ያልሄደበት ከማተሚያ ቤት እንደወጣ ይመለሳል።
በድሬ፣ መጽሐፉ ንጹሕ ሆኖ የተመለሰለት
አንገቱን ደፍቶ በሳቢያን ይዞራል፣ ከዚራን ሳይረግጣት።

ባለፈው ወር አንድ ልቦለድ መጣ፣ አዲስ አበባ የተመረቀ።
ደቻቱን በጥር አጋማሽ ሞልቶ እንዲፈስ አደረገው፣
ሁለት ፍቅረኛ አሳፍሮ ጀልባ አስቀዘፈው።
ጋሽ ቡሽራ መነጽሩን አወለቀ።
«በጥር?» አለ።
«በጥር ደቻቱ አሸዋ ነው፤ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣
የደከመው ግመል ይተኛበታል።
ውሃውም የመጣ ዕለት፣ ለፍቅር ብሎ አይመጣም።»
አልበሳም።

ቀጥሎ የባቡሩ ታሪክ፤ ስድስት መቶ ገጽ፣ በማስታወሻ የታጨቀ፣
የሐዲዱ ርዝመት፣ የብሎኑ ቁጥር፣ አንዱም ከልኩ ያልራቀ።
«ልክ ነው» አለ፣ «ስህተት አላገኘሁም፤
ግን በዚህ ሁሉ ፉርጎ ውስጥ ላቡን የሚጠርግ ሰው አላየሁም።»
አንድ ቦታ ብቻ በሳ፤ ከግርጌ፣ በጥቃቅን ፊደል፣
ስሙ ያልተጻፈ ፍሬን ያዥ፣ በቤቱ በኩል ሲያልፍ
ሁለቴ ያፏጭ ነበር፣ የሚል።

የእኔን ሰጠሁት። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ፣
የአራት ዓመት ሌሊት።
በሦስተኛው ሐሙስ፣ በባጃጅ፣ ልቤ ከእኔ ቀድሞ ደረሰ።
አገላበጥኩ። ንጹሕ። ንጹሕ። ንጹሕ።
«ትኬት ቆራጭን ማነው ሐያሲ ያደረገው?» አልኩት።
(አፌ ቀደመኝ፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል ያልኩት።)

አልተቆጣም። «ትኬት የሌለው መንገደኛ በምን ይታወቃል?» አለኝ።
«ይሸሻል።»
«የሚሸሸው ጀማሪ ነው። የለመደው መስኮት ያያል።
እኔ ስመጣ ተራራውን እንደ አዲስ ያደንቃል፣
ደመና ይቆጥራል፣ ፊቱን ወደኔ አይመልስም።
ያንቺም ልቦለድ፣ ልጄ፣ ሰው ሊያለቅስ ሲል
መስኮት ያያል።
እኔ ልቅሶውን ስጠብቅ፣ አንቺ ጀምበር ታጠልቂያለሽ።»

ጀምበር የጠለቀችበትን ገጽ በልቤ ቆጠርኩ፤
አሥራ ሰባት ደረስኩና አቆምኩ።

«ደግሞም በደንብ አላየሽም» አለ።
ገጽ ሁለት መቶ ሰባት።
ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ቀዳዳ።

የጎርፉ ማግስት ነው። እናትየዋ የልጇን ደብተር
ከጭቃው አውጥታ፣ ቅጠል በቅጠል እየለየች፣
በልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ ታሰጣለች።
ቀለሙ ታጥቦ ሄዷል፤ የሚነበብ የለም።
እሷ ታሰጣለች።
ስትጨርስ ትቆጥራቸዋለች።
የልጁን ስም ማንም አይጠራም።

አርታኢው «ታሪኩን ታዘገያለች፣ ትውጣ» ብሎኝ ነበረ፤
እኔም እሺ ብዬ፣ ማተሚያ ቤቱ ረስቶት ቀረ።

የት እንዳየሁት አልጠየቀኝም።
ገንደ ቆሬ፣ ከጓሯችን አጥር በኩል፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ
እንዳየሁት አልነገርኩትም።
መብሻውን ከፍቶ ዘጋው፣ በባዶው፤ ቀጭ።
ወደ ደቻቱ በኩል ሲያይ ቆየ፤
ይህ ግን መስኮት ማየት አልነበረም።

ማታ መብራት ጠፍቶ፣ በሻማ፣
ዓይኔን ከቀዳዳዋ ላይ አሳረፍኩ።
በስተጀርባዋ ሌላ ኅዳግ ይታያል፤
ነጭ፣
ያልተበሳ።